መሪው ሰባ ላይ ሲንቀጠቀጥ

በእናቴ ላይ የመሰከርኩት በሰባት ዓመት ተኩል ዕድሜዬ ነው። ማንም አላስገደደኝም። አንዲት ከረሜላ ተሰጠችኝ፣ አንድ ጥያቄ ተጠየቅሁ፣ «አዎ» አልኩ። ከረሜላዋ የብርቱካን ጣዕም ነበራት፤ እስከ ዛሬ የብርቱካን ከረሜላ አፌ አይገባም።

እናቴ የትምህርት ቤታችን ሚኒባስ ሾፌር ነበረች። ትምህርት ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዋናውን አስፋልት ይዘው ሩብ ሰዓት ከተጓዙ በኋላ ነው የሚገኘው። ጠዋት አስራ ስምንት ልጅ ከየበሩ ትለቅማለች፣ ከሰዓት አስራ ስምንቱንም ለየእናቱ ትመልሳለች። አስራ ዘጠነኛዋ እኔ ነኝ፤ እሷ ስለምትነዳ በነፃ የምማር። አባቴ ከሞተ ወዲህ የቤታችን ምሰሶ ያ መሪ ነበር። ከእጇ ከወጣ እሷ ከሥራዋ፣ እኔ ከትምህርት ቤቴ እንደምንወጣ አውቅ ነበር። ቁጭ አድርጎ የነገረኝ የለም። ግን ልጅ የተኛ መስሎ የማይሰማው ነገር አለ እንዴ?

ከእሷ በፊት መኪናውን ይነዱ የነበሩት ሽማግሌ «ጋሽ ቀስ በቀስ» ይባሉ ነበር። በሰዓት ከአርባ ኪሎ ሜትር አልፈው አያውቁም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉ ነበር መሪውን እያሻሹ። እንቁላሉስ ይሂድ፤ ልጆቹ ግን የሚደርሱት ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ተጀምሮ ነው። ወላጅ ማጉረምረም ሲያበዛ እሳቸው ጡረታ ወጡና እናቴ ገባች። «በሰዓቱ አድርሺ» ተባለች፤ በሰዓቱ አደረሰች። በሰዓቱ ለማድረስ ደግሞ አስፋልቱ ላይ ሰማንያ መንዳት ነበረባት።

በሁለተኛው ወር ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባች።

«እትዬ፣ ሰባ ላይ ስደርስ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ከስድሳ በታች ደህና ነው። አንድ ነገር አለው።»

ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ሲናገሩ የሚያደርጉት፣ ሲሰሙ የሚያወልቁት ሴት ነበሩ። ያን ቀን አላወለቁትም። «ጋሽዬ ስድስት ዓመት ሲነዱት አንድ ቀን እንዲህ አላሉኝም» አሏት። ዛሬ ሳስበው ክፉ ሴት አልነበሩም፤ የአስራ ስምንት ሰው ልጅ አደራ የተሸከመ ሰው ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም። መካኒክ አስጠሩ።

መካኒኩን ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮው» ነው የሚለው። በሽታ የሚያውቀው በመስማት ነው ይባል ነበር። ግቢው ውስጥ ቆመን እያየን ሞተሩን አስነሳ፤ ኮፈኑን ከፈተ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ደቀነ። «ዝም በሉ!» ሲለን ትንፋሻችንን ያዝን። ከዚያ ሰፈሩን አንድ ዙር ዞሮ መጣና ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ወረደ።

«መኪናው ጤነኛ ነው። የኔ ጆሮ ዋሽቶኝ አያውቅም።»

«ሰባ ነዳኸው?» አለችው እናቴ።

«እዚህ መንደር ውስጥ ሰባ? ሰው ልፍጅልሽ?»

«ታዲያ ምኑን አየኸው?»

«እህቴ፣ የታመመ መኪና ሠላሳም ላይ ያስታውቃል።» ከዚያ ወደ ዳይሬክተሯ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዝቅ ያደረገው ለትልልቆቹ ነው እንጂ እኔ ክንዱ ስር ነበርኩ። «እጅ ነው እትዬ። የሚንቀጠቀጠው መሪው ሳይሆን የያዘው እጅ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ሲጀምር ቀስ ብሎ ነው...»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የሱ ግን ለሰው ሁሉ ባዳ ነበር። ያኔ ግን እንደዚህ የምል መሰላችሁ? አመንኩት! ምክንያቱም ማስረጃው እኛ ቤት ነበር። እናቴ ማታ ማታ ሻይዋን ስታነሳ ብርጭቆው ማስቀመጫው ላይ ቅጭ ቅጭ ቅጭ ይላል። በሁለት እጇ ትይዘዋለች፤ ያኔም ቅጭ ይላል። ስታየኝ «ደክሞኝ ነው» ትላለች። ሰው ቀኑን ሙሉ የሚንቀጠቀጥ ነገር ጨብጦ ከዋለ ማታ እጁ ገና እየነዳ እንደሆነ ለማወቅ ራሴ መንዳት ነበረብኝ፤ ያን ያወቅሁት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

በዚያው ሳምንት መምህራችን ሰሌዳው ላይ ትልቅ እጅ ሥላ በአረንጓዴ ጠመኔ ነጠብጣብ በነጠብጣብ አደረገችው። «በሽታ የሚተላለፈው በምንድን ነው?» ስትል «በእጅ!» ብለን ጮህን። እኔ ከሁሉም በላይ ጮህኩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእናቴ እጅ ባየሁ ቁጥር አረንጓዴ ነጠብጣብ ይታየኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሯ ከክፍል አስጠሩኝ። ከረሜላዋን ልጠው ሰጡኝ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«የኔ ቆንጆ፣ እማዬ እቤት ስትሆን እጇ ይንቀጠቀጣል እንዴ?»

«አዎ» አልኩ። ደስ ያላቸው ስላልመሰለኝ ደግሞ፣ «ሻይም ይደፋባታል» ብዬ ጨመርኩ። ሻይ ተደፍቶባት አያውቅም። እሱን ከራሴ ነው ያመጣሁት፤ ምስክር አንዴ አፉን ከከፈተ ትንሽ ሳያክል አይዘጋም።

እናቴ ስትገባ እኔ ውጪ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ገርበብ ብሏል።

«...ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ልጅሽም ነግራኛለች» ይላሉ ዳይሬክተሯ።

 እናቴ በጣም ረጋ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ አትዋሽም» አለች። «እጄ ማታ ማታ ይንቀጠቀጣል። ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቃችኋትም። እኔንም አልጠየቃችሁኝም።»

እኔ የሰማሁት «ልጄ አትዋሽም» የሚለውን ብቻ ነው። ኩራት ልቤን ነፋው! እግሬን እያወዛወዝኩ ከረሜላዬን መጠጥኩ።

«እስከ አርብ» አሉ ዳይሬክተሯ። «ወይ መኪናው ምን እንደሆነ አሳዪኝ፣ ወይ ቁልፉን ታስረክቢያለሽ።»

«አርብ ሩቅ ነው» አለች እናቴ። እኔ ደግሞ አርብ እንዳልደረሰ እያሰብኩ፣ ልክ ነች እኮ አልኩ ለራሴ። አራት ቀን ብቻ እንደነበራት የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹን ስትጭን ከሃምሳ አላለፈችም። አረፈድን፤ ወላጅ ጮኸ፤ ታግሳ ሰማች። መሪውን የምትፈትነው መጨረሻውን ልጅ አውርደን ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ ባዶውን አስፋልት ይዛ ነው። ከደብተሬ አንድ ሉክ ገንጥላ ከመሪው አጠገብ ለጠፈችው።

«አንድ ባንድ ነው የምንሄደው» አለችኝ። «ሁለት ነገር አንድ ላይ ከነካካሽ፣ ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ ማን ይነግርሻል?»

ሰኞ ፍሬኑን መረመረች። ሰባ ላይ ስትደርስ መሪው ይጀምራል፤ የፍሬኑን መርገጫ በስሱ ትነካዋለች። «ፍሬን ሲያዝ አይብስም» አለች፣ ጻፈችም። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ መሪውን ለአፍታ ለቀቅ አደረገችው፤ መኪናው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አልሄደም። «ወደ ጎን አይስብም» ብላ ጻፈች። እጇ ከመሪው ሲለቅ እኔ መሪውን አላየሁም፤ የማየው እጇን ነበር። ቤት ገብተን በሩ ላይ እንደ ልማዷ እጇን ስትዘረጋልኝ ሁለት እጄን ከኋላዬ አጣምሬ አለፍኳት።

ማክሰኞ ጆሮው ጋራዥ ሄድን። የፊት ሁለቱን ጎማዎች አስፈትታ ባላንስ ማድረጊያው ማሽን ላይ አስወጣቻቸው። ጎማው ይሽከረከራል፣ ጆሮው ቸርኬው ላይ ትንንሽ የእርሳስ ክብደት ይለጥፋል፣ ደግሞ ያሽከረክራል። «ይኸው፣ ዜሮ በዜሮ! እኔ ብዋሽ ማሽን ይዋሻል?» አላት። ስንወጣ ሰባ ላይ ያው ነበር።

«ይኸው፣ አልተወንም» አልኩ እኔ። 

«አላገኘነውም እንጂ አልተሸነፍንም» አለች። «ባላንሱ አይደለም ማለት ነው። አንድ ተሰረዘ። የሚሰረዝ ካለ የሚቀር አለ።» ሉኩ ላይ ሰረዘችበት፤ እጇ ግን ሰረዙን እየዘለለ ነበር የጻፈው።

ያን ማታ እጇን ስትታጠብ አየኋት። በሳሙና አጠበች፣ አልበቃ አላት። ጓሮ ወጥታ እፍኝ አሸዋ አመጣችና በአሸዋ አሸችው። እያሸች እያሸች መዳፏ ቀላ። እኔ ደግሞ ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ፣ «ይኸው፣ እሷም ታውቃለች! በሽታውን ልታስለቅቅ ነው» አልኩ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል?

ረቡዕ የፊት ሁለቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላ ሁለቱን ወደ ፊት አዛወረች። ራሷ ናት ያዛወረችው። ክሪኩን አስገባች፣ መኪናውን አነሳች፣ ብሎኑ እምቢ ሲላት መፍቻው ላይ በሁለት እግሯ ቆማ ዘለለችበት። የኔ ሥራ ብሎኖቹን መጠበቅ ነበር። «አቀብዪኝ» ብላ ጥቁር መዳፏን ዘረጋችልኝ። ብሎኑን መዳፏ ላይ አላስቀመጥኩም። መሬት ላይ አስቀምጬ በእግሬ ገፋሁላት። መዳፏን ተመለከተችው፤ ግራሱን፣ ጥፍሯ ስር የገባውን። ከዚያ እኔን ተመለከተችኝ። ጎንበስ ብላ ብሎኑን አነሳችው።

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ስድሳ። ስድሳ አምስት። ሰባ።

«መሪው ዝም አለ!» ብላ ጮኸች። «እጄ ላይ ምንም የለም! አንቺስ? አንቺስ የት ይሰማሻል?»

«ቂጤ ላይ!» አልኩ።

መኪናውን ጥግ አስይዛ እስክታለቅስ ሳቀች። እኔም አለቀስኩ፤ እኔ ግን የምሬን። በሽታው ከእጇ ወርዶ፣ በወንበሩ በኩል አልፎ እኔ ጋ ደርሷላ! ለምን እንደማለቅስ ስትጠይቀኝ አልነገርኳትም። ለካስ ያን ቀን ያገኘችው ግማሹን ነው፤ ችግሩ ፊት ከነበሩት ሁለት ጎማዎች በአንዱ ውስጥ እንደሆነ፣ ሲዛወሩ ተከትሏቸው እንደሄደ አውቃለች። «አንቺን ኋላ አስቀምጬ በዚያ ጎማ ሰባ መንዳቴ ዛሬም ሆዴን ይበላኛል» ትለኛለች አሁን።

ሐሙስ ከክፍል አንድ ጠመኔ ሰርቄ እንዳመጣ አዘዘችኝ። እናቴ ስረቂ ስትለኝ ያ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ነው። ከትምህርት በኋላ ልጆቹን አድርሰን ተመለስንና ግቢው ባዶ ሲሆን የኋላውን አንዱን ጎማ ከመሬት አነሳችው። ሌሎቹ ጎማዎች ላይ ድንጋይ ደገፈች፣ ማርሹን ነፃ አደረገች። ሁለት ጡብ ደራርባ ጠመኔውን ላዩ ላይ አሰረችና ጫፉን ጎማውን ሊነካ እስኪል አስጠጋችው።

«አሁን ጎማውን በቀስታ አዙሪው» አለችኝ። «ክብ ከሆነ ጠመኔው ሁሉንም ቦታ እኩል ይነካል፣ ወይ ሁሉንም አይነካም።»

አዞርኩ። ነጭ መስመር ዙሪያውን ሄደ፤ ቀጭን፣ ሳይቆረጥ።

«ይሄ ንፁህ ነው። ወደ ሌላው።»

ሌላውን አነሳች። ጡቡን አስጠጋች። አዞርኩ። ምንም። አዞርኩ። ምንም። ከዚያ ቅጭ! ጠመኔው ተሰበረ። ጎማው ላይ ስንዝር የሚሆን ነጭ ምልክት ብቻ ቀረ፤ ሌላው ሁሉ ጥቁር ነው። እናቴ መዳፏን ምልክቱ ላይ አሳለፈች፤ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች። ለዓይን ምንም የለውም። በመዳፍ ግን እብጠት ነበር፣ ቆዳ ስር እንደሚያብጥ ነገር።

«አገኘሁህ!» አለች። «አንተ ሌባ፣ አገኘሁህ!» መሬት ላይ በጀርባዋ ተዘረጋች፤ ግራስ የነካው እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰማዩን እያየች ሳቀች። እኔ ቆሜ አየኋት። በሽታዋ ጎማው ውስጥ እንዴት ሊገባ ቻለ እያልኩ ነበር።

ወዲያው ጎማውን ፈታ ትርፉን ጎማ ገጠመች፤ አርብ ጠዋት ልጆቹን በሱ አመጣች። መሪው ዝም፣ ወንበሩም ዝም። እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ያቆም ነበር። እናቴ ግን የቀረውን ነገር አሰበችበት። «ጎማ ቀየርኩና መሪው ዝም አለ ብላቸው፣ እጇ ዛሬ ደህና ሆኖ ነው ይላሉ። ነገ ብርጭቆ ሲንቀጫቀጥ ያው ወሬ ነው። እሳቸው ራሳቸው ካልያዙት አያምኑም።»

ልጆቹ ክፍል ሲገቡ ያንን ጎማ ፊት ላይ፣ በሾፌሩ በኩል መልሳ ገጠመችው። ዳይሬክተሯ ራሳቸው መኪና ይነዱ ነበር።

«እትዬ፣ ዛሬ እርስዎ ይንዱት» አለቻቸው ቁልፉን እየሰጠች። «ሰባ አምስት ይድረሱ፣ ከሰማንያ እንዳያልፉ። እኔ ከጎንዎ ነኝ።»

«እንዴ! እኔ ሚኒባስ...»

«ቁልፉን እንዳስረክብ አይደል ያሉኝ? ይኸው አስረከብኩ።»

እኔ ገቢና ልግባ ብዬ ብለምናት ሳትሰማኝ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀምጣኝ ሄደች። ለምን እንደተወችኝ አልገባኝም ነበር፤ ተናድጄ ኩርፊያዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ያ ጎማ መንገድ ላይ ሊፈነዳ እንደሚችል ታውቅ ነበር። «ፈርተሽ ነበር?» ብዬ ጠይቄያት አውቃለሁ። «ሞኝ! ያልፈራ ሰው ነው እንዴ ሰማንያ እንዳያልፉ የሚለው?» አለችኝ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሱ። ዳይሬክተሯ ከመኪናው ሲወርዱ በሩን ይዘው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ወደ ቢሮ ገቡ፤ እኔም ከኋላ ከኋላ ገባሁ። ከመሳቢያቸው ወረቀት አወጡ። «አዲስ ጎማ ይገዛ፣ ዛሬውኑ» እያሉ መጻፍ ጀመሩ።

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ዘለለ። ደግመው ሞከሩ፤ ደግሞ ዘለለ። በግራ እጃቸው ቀኙን ጨበጡት።

ይሄን ጊዜ ነው ጮሄ የተናገርኩት። «ተላለፈባቸው! እማዬ፣ ተላለፈባቸው!»

«ምኑ?» አሉ ዳይሬክተሯ።

«የእጇ በሽታ! በእጅ ነው የሚተላለፈው! እኔ እንኳ እንዳይተላለፍብኝ ስንት ቀን እጇን አልያዝኳትም!»

 ዳይሬክተሯ እጃቸውን አዩት፤ ከዚያ እናቴን አዩ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይቅር በይኝ» አሏት። «ይቅር በይኝ፣ እህቴ። ይህን ይዘሽ ነው ሁለት ወር የነዳሽው?»

እናቴ ግን እሳቸውን አልሰማቻቸውም። ወደ እኔ ነበር የምታየው።  

«እኔ እኮ» አለች፣ «በግራሱ ያፈርሽብኝ መስሎኝ ነበር።»

ያኔ ነው እጇን ያየሁት፤ አረንጓዴ ነጠብጣቡን ሳይሆን እጇን። ከአሸዋው የተነሳ መዳፏ ተልጦ ነበር። በጣቶቿ መገጣጠሚያ ላይ ደም ደርቋል። አራት ማታ ሙሉ እንደዚያ ስትፈትገው የነበረው ለኔ ነው፤ በበሩ ላይ ልይዛት እንድችል። ሮጬ ሄጄ በሁለት እጄ ጨበጥኩት። እጇ ጸጥ ብሎ ነበር። የሚንቀጠቀጠው የኔ ነው።

ጆሮው ከሰዓት ጎማውን ሲቀድደው ውስጡ ያለው ሽቦ ተላቆ ተገኘ። «ይሄ ሌላ ሳምንት አይደግምም ነበር» አለና ራሱን ከነቀነቀ በኋላ ወደ እናቴ ዞሮ፣ «ለካ የኔ ጆሮ ሰባ አይደርስም» አላት። «እስከ አርባ ግን ምንም አይወጣለትም» አለችው። ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ፤ እሱም ከሁሉም በላይ ሳቀ።

ልጆቹን ለማድረስ ወደ መኪናው ስንሄድ እጇን እንደያዝኩ ነበርኩ። ገቢናው በር ላይ ደረስን። ገባች፤ እኔም በመስኮቱ በኩል ይዣት ቀረሁ። አስራ ስምንቱ ልጆች ከኋላ ይጯጯሃሉ።

«ልቀቂኝ እንጂ» አለችኝ፣ «በምን ልንዳ?»